የአንጁሎ መንታ

የሲቀላ ሰፈር ሰው ቁርሱን ከመቅመሱ በፊት መንታው ይመገባል። የምትመግበው ደግሞ ፈትለወርቅ ናት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የደም ቤቱን በር ከፍታ ትገባለች፤ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ጋዋኗን ትለብሳለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምራ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ትስባለች። በየመሳቢያው የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ጠፍጣፋ መስታወቶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ መስታወት ውስጥ ከፀጉር እምብዛም ያልወፈሩ ሦስት ቦዮች አሉ። የቦዮቹ ግድግዳ የአንድ ሰው የደም ሥር ሽፋን ነው፤ ከራሱ ከሰውዬው ተወስዶ የተራባ፣ ሕያው ሽፋን። በውስጣቸው ሙቀቱ ከሰው ገላ የማይለይ ቀላ ያለ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፈትለወርቅ ምግባቸውን ትቀይራለች፣ በማጉያው ታያቸዋለች፣ የደከመ ካለ መዝግባ ታልፋለች። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰባ መንታ አለ። አራት ሰዓት ላይ ትጨርሳለች።

ሕጉ ከወጣ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመመው ሰው ክኒን ከመዋጡ በፊት መንታው ይቀምስለታል። ጥርሱን የሚነቀለው፣ ወደ ጨንቻ ብርድ የሚወጣው፣ ልትወልድ የተቃረበችው፣ ሁሉም አስቀድሞ መንታውን ያስጠይቃል። መድኃኒቱ በአንዱ ቦይ ይንጠባጠባል፤ ደሙ ያለ ምክንያት ከረጋ፣ ወይም ቁስል ላይ ደርሶ ሳይረጋ ካለፈ የባለቤቱ ስልክ ቀይ ያበራል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ ከማንሳቱ በፊት የደንበኛውን ስልክ ገልበጥ አድርጎ ያያል። የጨንቻ አውቶቡስ ረዳትም እንደዚሁ። ገበያ ላይ ጎመኑም ሥጋውም ተከትፎ ነው የሚሸጠው፤ ቢላ ለመግዛት የቤተሰቡ ሁሉ ስልክ አረንጓዴ መሆን አለበት። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ "መንታሽ እንዴት አደረች?" ይባባላሉ፤ በቀልድ የተጀመረ ነገር ሰላምታ ሆኖ ቀረ። ድሮ የአርባ ዓመት ጎልማሳ የጫማውን ክር ሲያስር ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ረግቶበት በዚያው ወድቆ ይቀር ነበር አሉ። አሁን እንዲህ ያለውን ሞት ያየ ወጣት የለም።

ፈትለወርቅ ዘጠነኛው መደርደሪያ፣ አራተኛው መሳቢያ ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ሌሎቹን ቆማ ነው የምታያቸው።

እዚያ ያለው የባሏ የአንጁሎ ዳና መንታ ነው። በማጉያው ስታየው ሴሎቹ በፈሳሹ አቅጣጫ ተጋድመው፣ እንደ ተነጠፈ የመንገድ ድንጋይ ጎን ለጎን ተያይዘው ይታያሉ። "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ምግቡን ትቀይርለታለች። ሌላው ሙሉ መሳቢያ ሁለት ደቂቃ ሲወስድባት የእሱ አንድ መንታ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የሥራ ባልደረቦቿ ይህን ያውቃሉ፤ በዚያች ሰዓት ማንም ወደ ዘጠነኛው መደርደሪያ አይሄድም።

በመዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ "በሕይወት ያለ" ይላል። የሞተ ሰው መንታ በሰባት ቀን ውስጥ ይወገዳል። ከአንጁሎ ስም አጠገብ ግን "የሚጠበቅ" የሚል ቃል ተጽፏል። ሕጉ ለጠፋ ሰው ይህችን ቀዳዳ ትቶለታል፤ የቅርብ ዘመዱ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ "እጠብቃለሁ" ከሚል ቃል ሥር ከፈረመ መንታው ይቆያል። ፈትለወርቅ አራት ጊዜ ፈርማለች።

አንጁሎ ጫሞ ሐይቅ ላይ የተንሳፈፉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች ሞተር ይጠግን ነበር። ሳምንት እዚያው ውሃው ላይ ባለው ማደሪያ ይሰነብትና ሳምንት ቤቱ ያርፋል። ከአራት ዓመት በፊት ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነፋስ ተነስቶ አምስት ሰው የጫነች ጀልባ ገለበጠ። ሁለቱ ዋኝተው ወጡ። የሁለቱ አስከሬን ተገኘ። አንጁሎ አልተገኘም። አሥራ አንድ ቀን ተፈለገ። ጫሞ ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም፤ ግን ማንም በእሷ ፊት አዞ የሚለውን ቃል አላነሳም።

የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ጋሽ ማዶሬ በሁለተኛው ወር ቤቷ መጥተው ነበር።

"ፈትሌ፣ ድንኳኑን እንትከልና ሰው ይቀመጥልሽ። ይውጣልሽ።"

"ጋሼ፣ ያልሞተ ሰው አይለቀስም" አለቻቸው።

አልተከራከሯትም። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ከቤቷ እግሩን አሳጠረ። "ይመጣል" ብሎ ለማጽናናት አፉ አይታዘዝለትም፤ "ነፍስ ይማር" እንዳይልም ትቆጣለች። ምን ይበላት? አንዳንዱ መንገድ ሲያገናኘው እሷን እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። በሕይወት ከወጡት ሁለቱ አንዱ፣ ጦና የሚባለው ጀልባ ነጂ፣ ገበያ ውስጥ ካያት መንገድ ይቀይራል።

እሷም ብትሆን ተስፋዋን በአደባባይ አታወራም። አንጁሎ በር ከፍቶ ይገባል ብላ የምትጠብቅ ሞኝ አልነበረችም፤ ይህን ራሷም ታውቃለች። ግን እዚያ መሳቢያ ውስጥ ከገላው የተወሰደ፣ ትኩስ፣ የሚበላና የሚተነፍስ ነገር አለ። ሴሎቹ እሱ መጥፋቱን አልሰሙም። ማታ ስትተኛ ጠዋት የምታየው አላት። ናፍቆቷ መሄጃ ነበረው።

---

ልጇ ሐመልማል ከሠመራ የመጣችው የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ነው። ባሏ ኢዮስያስ ሥራውን አስፈቅዶ ሊከተላት ቀርቷል። ከአውቶቡሱ ስትወርድ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ፈትለወርቅ ሻንጣዋን እየተቀበለቻት።

"ከሻሸመኔ።"

"አራት ሰዓት ሙሉ?"

"ይመጣል ይሄዳል፣ እማዬ። አሁን ደህና ነኝ። ይልቅ ሰዉ አስቂኝ ነበር። መንታ እንደሌለኝ ረዳቱ ሲያውቅ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ጃንጥላቸውን አንስተው ሰቀሉት፤ ጫፉ እንዳይወጋኝ።"

ፈትለወርቅ አልሳቀችም። ነገሩን ታውቀዋለች። ሐመልማል ወደ ሠመራ ስትዛወር መንታዋም ተከትሏት ሊላክ ተጭኖ ነበር፤ መንገድ ላይ አንድ ማከማቻ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሦስት መቶ መንታ ሞተ። የሐመልማልም አብሮ ሞተ። ለሁሉም አንድ ዓይነት የይቅርታ ደብዳቤ ደረሳቸው። አዲስ ለማራባት ሦስት ወር ይፈጃል፤ እርግዝናዋ ከገፋ በኋላ ደግሞ ከደሟ የተወሰዱት ሴሎች ሁለት ጊዜ ሳይዙ ቀሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለ መንታ ይወልዳል፤ አያቶቻችንም ወልደዋል። ሐመልማል ግን የአባቷ ልጅ ናት።

ጤነኛ የደም ሥር ሽፋን ዝምተኛ ነው። ደም በላዩ ሲሮጥ አይነካውም፣ እንዳይረጋም የሚያደርግ ነገር ያቀርብለታል። ሲቆስል ግን ሴሎቹ በሆዳቸው ያኖሩትን ረጅም ፕሮቲን ይለቃሉ። የደም ቤት ሰዎች ገመዱ ይሉታል። ገመዱ ቁስሉ ላይ ይዘረጋና በአጠገቡ የሚሮጡትን ፕሌትሌቶች፣ ደም የሚያረጉትን ጥቃቅን የደም ቅንጣቶች፣ ይይዛል፤ የተያዙት ሌሎቹን ይጠራሉ፤ ደሙ ውስጥ ሟሙተው የነበሩ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ክር ሆነው ሁሉንም ይተበትቧቸዋል። ቁስሉ እንዲህ ይዘጋል። የአንጁሎ ገመድ እንከን ነበረበት። ጢሙን በተላጨ ቀን ቀትር ድረስ አገጩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ይውላል። አንድ ጊዜ ጥርሱን ተነቅሎ ሁለት ቀን ደማ፤ በሦስተኛው ቀን አፉን በጥጥ ሞልቶ ቁጭ ብሎ ሚስቱን በእጁ ምልክት ያሥቃት ነበር። ሐመልማል ይህንኑ ገመድ ወርሳለች። በትንሽነቷ ጉልበቷ ሲላጥ አባቷ ነበር አብሯት ቁጭ ብሎ እስኪቆም የሚጠብቀው።

---

ዶክተር ኑረዲን የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ነው፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። እናትና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

"አንድ መድኃኒት አለ። የደም ሥር ሽፋኑ ያኖረውን ገመድ በአንዴ እንዲለቅ ያደርገዋል። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ በደንብ ይሠራል፤ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ይሰጣል፣ ያበቃል። ችግሩ አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚለቀቀው ገመድ የተበላሸ ነው። ቁስሉ ላይ መያዝ ትቶ በመንገድ የሚያልፈውን ፕሌትሌት ሁሉ ያንቃል። ያኔ ሰውነቷ ፕሌትሌት አልቆበት ይቀራል። ካልሰጠኋት ትደማለች፤ ሰጥቼ ከተሳሳትኩ የባሰ ትደማለች።"

"ገመዱን ራሱን ከሌላ ሰው ደም ወስዳችሁ አትሰጧትም?" አለች ሐመልማል።

"ያ ድሮ ነበር። መንታ ከመጣ ወዲህ የሚያዘጋጀው የለም። ጠይቄያለሁ።"

ዶክተሩ ፈትለወርቅን አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

"እትዬ ፈትለወርቅ፣ የምጠይቅዎትን ያውቁታል መሰለኝ።"

ታውቀው ነበር። ገና "የተበላሸ ነው" ሲል ታውቋታል። ይህንኑ እንከን የተሸከመ ሕያው የደም ሥር ሽፋን በአገሩ አንድ ብቻ ነው ያለው። ሐመልማል ግን ስላልገባት አንዴ ዶክተሩን አንዴ እናቷን አየች።

"የአባትሽ መንታ" አለቻት ፈትለወርቅ።

"ሕጉን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል" አለ ዶክተሩ። "የሚጠበቅ ሰው መንታ አይነካም፤ ባለቤቱ መጥቶ ለምን ነካችሁብኝ ሊል ይችላልና። የሟች ከሆነ ግን ወራሽ ይፈቅዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ…" ቀጥሎ የሚለውን ሳይጨርስ ተወው። "ቦዮቹን ደግሞ ማቁሰል አለብን። የሌላ ሰው ቢሆን ከባለቤቱ ገላ ወስደን እንተካቸዋለን፤ የእሱ ግን ከዚያ በኋላ አይተርፉም።"

"ስንት ቦይ?"

"ያለ መድኃኒት አንድ፣ በመድኃኒት አንድ። ሁለት።"

"ሦስተኛው ይቀራል ማለት ነው።"

"ሁለቱ ግልጽ መልስ ከሰጡን ይቀራል። ግን እትዬ፣ አንዴ ሟች ከተባለ በሰባት ቀን…"

"ገብቶኛል" አለች። "ሰባት ቀንም ቀን ነው። አንድ ቀን ስጡኝ፣ አስቤ እመጣለሁ።"

---

ቤት እንደገቡ ሐመልማል ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "አታድርጊው" አለች።

"ምኑን?"

"ለእኔ ብለሽ ሞተ ብለሽ አትፈርሚ። ሌላ ቦታ እንሄዳለን፤ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። እኔ ሠመራ ሆኜ ስጨነቅ እንኳ አንቺ እዚያ አብረሽው እንደሆንሽ ሳስብ ነበር የምጽናናው።"

ፈትለወርቅ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። ልጇ ስትጠጣ የብርጭቆው ጠርዝ ላይ የድዷ ደም ቀርቶ አየች፤ ሐመልማል ቶሎ በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

"አይተሽው ታውቂያለሽ?" አለቻት እናቷ።

"ምኑን?"

"አባትሽን።"

በማግስቱ ጠዋት አብረው ሄዱ። ፈትለወርቅ ሁሉንም በተራው መግባ ዘጠነኛው መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ወንበሩን ለልጇ ሳበችላት። ማጉያውን አስተካከለችላት። ሐመልማል ሆዷ አላስቀርብ ብሏት ጎንበስ አለችና ለረጅም ጊዜ አየች። ፈትለወርቅ አጠገቧ ቆማ ጠበቀች። የመጀመሪያዋን ቀን እያስታወሰች ነበር፤ እሷ እዚህ ዓይኗን ስትደፋ እንዴት መስታወቱን ደረቷ ላይ ልታስጠጋው እንደቃጣት። ልጇ እስክታለቅስ ጠበቀች።

ሐመልማል ቀና አለች። ፊቷ ደረቅ ነበር።

"እማዬ" አለች፣ "እዚህ ውስጥ አባባን አላየሁትም።"

ፈትለወርቅ የማጉያውን መብራት አጠፋች።

"አትቆጪኝ። በጣም ፈልጌው ነበር። ግን ያማሩ ሴሎች ናቸው እንጂ… አባባ እኮ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ፣ ወጥ ሳይጨው ሲቀር 'ሐይቁ ውስጥ ነከር አድርጊው' የሚል ሰው ነበር። ስለ እሱ የማዋራው ሰው ጠፍቶኝ አራት ዓመት ሆነኝ። አንቺ ጋ ስደውል 'ዛሬ ደህና ነው፣ ሴሎቹ አልደከሙም' ትይኛለሽ። ኢዮስያስ አያውቀውም። ማን ጋ ሄጄ ላውራ?"

ፈትለወርቅ መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችው። አራት ዓመት ሙሉ የአንጁሎን የደም ሥር ሽፋን እያየች ሳለ የሳቁ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበረ ለማስታወስ ሞክራ አታውቅም ነበር። አሁን ሞከረች፣ እዚያው ቆማ። ወዲያው አልመጣላትም። ይህ ከምንም በላይ አስደነገጣት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሞት ቅጹን በማሽኑ ላይ ሞላች። ማሽኑ ስም ጠየቃት፣ ዝምድና ጠየቃት፣ ከዚያ "የሞት ቀን" የሚል ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። ጣቷ ለረጅም ጊዜ ከማሽኑ ስክሪን በላይ ተንጠለጠለ። የዛሬን ቀን ልትጽፍ ነበር፤ ለእሷ የሚሞተው ዛሬ ነውና። መጨረሻ ላይ ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ብላ ዓመተ ምሕረቱን ጨመረች። "የሚጠበቅ" የሚለው ቃል ከስሙ አጠገብ ጠፋ።

---

ሙከራውን ራሷ እንድትሠራው ጠየቀች። ዶክተር ኑረዲን ሌላ ባለሙያ ላምጣ ቢላትም እምቢ አለች፤ "የእሱን ቦይ የሚያቆስል ሌላ እጅ አይኖርም" አለችው። ሐመልማል ደሟን ሰጥታ በውጭ በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ፈትለወርቅ መርፌዋን በመጀመሪያው ቦይ ላይ አሳረፈችና ከጸጉር የቀጠነ ጭረት ጫረች። ከዚያ የልጇን ደም በአባቷ ሽፋን ላይ ለቀቀችው። ስክሪኑ ላይ ፕሌትሌቶቹ እንደ ጠጠር እየተንከባለሉ ይመጣሉ፤ ጭረቱ ጋ ሲደርሱ አንድ ሁለቱ ዘግየት ይላሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ሴሎቹ የሚችሉትን ገመድ አወጡ፤ የሚይዝ ግን አልነበረም። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ደሙ አልቆመም።

"ያወቅነው ነው" አለ ዶክተሩ።

ሁለተኛው ቦይ ላይ መድኃኒቱን በሙሉ መጠኑ ሰጠች፣ ጠበቀች፣ ጫረች፣ ደሙን ለቀቀች። መጀመሪያ ላይ ሴሎቹ ያላቸውን ሁሉ በአንዴ ለቀቁት፣ ገመዱ በቦዩ ውስጥ እንደ ሐር ተዘረጋ። ግን ጭረቱ ላይ አልቆየም። ከቁስሉ ርቆ፣ በመሃል መንገድ፣ ፕሌትሌቶቹን እያነቀ አንድ ላይ ያጠቃልላቸው ጀመር። እብጥ እብጥ ያሉ ክምሮች በቦዩ መሃል እየተንሳፈፉ አለፉ። ቁስሉ እንደ ነበረ ይደማል፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ደም ግን ባዶ እየሆነ ሄደ።

ዶክተር ኑረዲን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ይህን ለእሷ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ…" አለ።

"መጠኑ ቢቀነስ?" አለች ፈትለወርቅ።

"ሊሆን ይችላል። ትንሽ ገመድ ከተለቀቀ ቁስሉ ላይ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ግን ሊሆን ይችላል በሚል መርፌ አልወጋትም። ማየት አለብኝ።"

የቀረው ሦስተኛው ቦይ ነበር።

ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። ፈትለወርቅ ጓንቷን አወለቀችና መዳፏን መስታወቱ ላይ አኖረች። ሞቅ ይላል። እነዚያን ሰባት ቀናት አስባባቸው ነበር፤ በየቀኑ ምን እንደምትለው ሳይቀር። የመጨረሻውን ቀን ሥራ አስፈቅዳ አብራው ልትውል ነበር። አሁን የቀራት ይህቺው ናት። የምትለው ነገር ፈለገችና ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። "አንተዬ፣ ልጅህ ናት" ብቻ አለችው። አዲስ ጓንት አደረገች።

ሲሶውን መጠን ሰጠች። ጫረች። የልጇን ደም ለቀቀች።

ለአንድ ሁለት ደቂቃ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጭረቱ ጠርዝ ላይ ከነበሩት ሴሎች ጥቂት ገመድ ወጣ። አንድ ፕሌትሌት መጥቶ ተያዘ። ሌላው መጥቶ እሱን ያዘ። ሲይዙ ቅርጻቸው ይለወጣል፤ ክብ የነበሩት እጅና እግር ያወጣሉ። አሥር ሆኑ፣ ሠላሳ ሆኑ። ቀጭን ክሮች ከደሙ ውስጥ ብቅ ብቅ እያሉ በላያቸው ተጠላለፉ። ከጭረቱ ወዲያ ያለው ጤነኛ ሽፋን ደግሞ ዝም ብሎ ደሙን ያሳልፋል፤ ምንም አልረጋበትም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ቁስሉ ተዘጋ።

"ቆመ" አለ ዶክተር ኑረዲን በሹክሹክታ።

ፈትለወርቅ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የፕሌትሌቱን ቁጥር ጻፈች። ሁሉን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ መስታወቱን ከማሞቂያው አወጣችውና መዳፏ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያዘችው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

"ምን ሆነ?" አለች ሐመልማል።

"ያንቺ ደም አባትሽ ላይ ቆመ።"

ሐመልማል የእናቷን እጅ ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

---

ሐመልማል በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ወለደች። ሲሶው መጠን አስቀድሞ ተሰጥቷት ነበር። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ደሙ መጣ፤ ኢዮስያስ ፊቱ ነጥቶ ከክፍሉ ወጣ። ፈትለወርቅ የልጇን ራስ ደግፋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታይ ነበር። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። አዋላጇ ጨርቁን ቀየረች፣ ደግማ ቀየረች፤ በሦስተኛው ላይ አንስታ ለዶክተሩ አሳየችው። ዶክተሩ ደሙ መቀነሱን አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ሐመልማል ዓይኗን ገልጣ "ልጄን አምጡልኝ" አለች።

ፈትለወርቅ በሳምንቱ ጋሽ ማዶሬ ቤት ሄደች። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"ጋሼ፣ አንጁሎ አርፏል" አለቻቸው። "መርዶውን ለሰው ሁሉ ይንገሩልኝ። ድንኳኑንም እንድትተክሉልኝ እለምናለሁ። ግን አሁን ቤቴ አራስ አለች፣ ልቅሶ አላስገባባትም። ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሳ ይጠብቁኝ።"

ጋሽ ማዶሬ ለመነሳት በትራቸውን ፈለጉ፤ ሲያቅታቸው ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉላት።

"አራት ዓመት የጠበቅን ሰዎች ሰማንያ ቀን ያቅተናል እንዴ፣ ፈትሌ?"

በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ፈትለወርቅ ሰው ይመጣል ብላ አልጠበቀችም፤ የቆየ ልቅሶ ማንን ይስባል? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግን መንገዱ ሞላ። ከሐይቅ ሥራው የቀድሞ ባልደረቦቹ መጡ። ከላይኛው ሰፈር ከሼቻ ሳይቀር እነዚያ መንገድ ሲያገናኛቸው ዓይናቸውን የሚያዞሩባት ሁሉ መጡ። አንዷ ጎረቤቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ "አራት ዓመት ሙሉ ምን እንበልሽ?" እያለች አለቀሰች። ፈትለወርቅ ስታለቅስ ድምጿ ራሷን አስደነገጣት፤ ከየት እንደሚወጣ አታውቀውም ነበር። ሴቶቹ ደገፏት። አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ አንዱ አንድ ነገር ያወራል፤ አንጁሎ የጀልባ ሞተር ፈትቶ ሲገጥም የተረፈውን ብሎን ለአለቃው በስጦታ መልክ በወረቀት ጠቅልሎ እንደሰጠው ሲነገር ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። ሐመልማል ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንባዋ እየወረደ ትሥቅ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰዉ ሲሳሳ አንድ ሰው ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይጨብጠዋል። ፈትለወርቅ ወዲያው አላወቀችውም፤ ሸብቷል።

"ጦና?" አለች።

"አዎ፣ እትዬ።" አልገባም፣ እዚያው ቆመ። "ልመጣ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። እርስዎ ይመጣል እያሉ እኔ የመጨረሻውን ልነግርዎት አልሆነልኝም። መጨረሻ ላይ አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ። እንድናገር ከፈለጉ እናገራለሁ፤ ካልፈለጉም ለቅሶ ደርሼ ልሂድ።"

ሐመልማል ቀና ብላ እናቷን አየች። ፈትለወርቅ ከአጠገቧ ያለውን ወንበር አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሳበችለት።

"ና፣ ቁጭ በል" አለችው። "ከነፋሱ አትጀምር። ለነፋሱ እንደርሳለን። ከጠዋቱ ጀምርልኝ። ከእንቅልፉ ሲነሳ ምን አለ? ቁርስ ላይ ምን በላ? ከማን ጋር ቀለደ? አንድም ነገር እንዳታስቀር።"

ጦና ተቀመጠ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኖረና ትንሽ አሰበ።

"ያን ቀን ጠዋት" አለ፣ "ከሁላችንም ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው።"